ውሃው ፈልቷል፤ ዱቄቱስ?

ባለፈው እሑድ ጠዋት ጎረቤቴ ጡጦ በእጇ ይዛ በሬን አንኳኳች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የእሷ ቤት ከእኔ አንድ ወለል ዝቅ ይላል። ልጇ አራት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ይቀሩታል። ወደ ሥራ ከተመለሰች ወዲህ ባለው አንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዞታል። «አንቺ ነርስ ነሽ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ንገሪኝ» አለችኝ። «ውሃውን አፈላለሁ። ጡጦውን በሳሙና አጥባለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ጡጦው ላይ ላዩን ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። አንገቱ ላይ የሚጠመዘዘውን ቀለበት ፈታሁና ሕፃኑ የሚጠባውን ላስቲክ አውጥቼ እንደ ካልሲ ገለበጥኩት። ጫፉ ከሰፊው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ቢጫ ያለ ስስ ነገር ተለጥፏል፤ በጣት ሲነኩት ያንሸራትታል። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዞርኩት። በጥርሶቹ መካከል የደረቀ ወተት እንደ ነጭ ክር ዙሪያውን ሄዷል። ተቀብላኝ አሸተተችው፤ የከረመ እርጎ ይሸታል። ምንም አልተናገረችም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

አብሬያት ወረድኩና በመጀመሪያ ልጁን አየሁት። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲገጥማችሁ ስለ ጡጦው ከመጨነቅ በፊት የሚታየው ልጁ ነው። መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ እርግብግቢቱ ጎድጎድ ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም ሰውነቱ ካንቀጠቀጠው ሰዓት ሳይቆጠር ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሌላ ምልክት አይጠበቅም። የጎረቤቴ ልጅ ፈገግ ይላል፣ ይጠባል፣ ዳይፐሩም ርጥብ ነው። ያም ሆኖ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ኦ አር ኤስና ዚንክ ተሰጠው። ተቅማጥ ሲይዘው ወተት መከልከል ጉዳቱን ያብሳል፤ ጡትም ሆነ ወተት ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ከዚያ ወጥ ቤቱን አየሁ። ግድግዳው ሥር አምስት ጀሪካን ተደርድሯል፤ በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ያለ ጀሪካን የሚኖር ቤት የለም። ጎረቤቴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ውሃ ታፈላለች፣ በጆግ ትከድነዋለች፣ ከዚያ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ትሮጣለች። ቀኑን ሙሉ ሞግዚቷ ከዚያው ከቀዘቀዘው ውሃ እየቀዳች፣ ትንሽ ለብ አድርጋ፣ በጣሳ የሚሸጠውን የሕፃናት ወተት ዱቄት ትበጠብጥበታለች። ልጁ ያልጨረሰው ወተት «ኋላ ይጠባዋል» ተብሎ ይቀመጣል። በምሠራበት ጤና ጣቢያም ወተቱን እንዴት እንደሚያዘጋጁ የጠየቅኳቸው እናቶች አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ውሃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ለልጅ ይሰጣል፤ ከእናቶቻችን የተማርነው ይህ ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ያልተነገረን ግማሽ ዱቄቱን የሚመለከተው ነው።

ወደዚያ ከማለፌ በፊት ስለ ጡት ወተት የማምንበትን ልናገር። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ የሚተካውም ነገር የለም። እናት ኤች አይ ቪ በደሟ ቢኖርም መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እንድታጠባ ይመከራል፤ «አትችይም» ተብለው ያለ በቂ ምክንያት ወደ ጣሳ የዞሩ እናቶች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን የምጽፈው። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ የሚሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጁ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጡጦ ወደ ብዙ ቤት የሚገባው በዚህ የሦስት ወር ክፍተት ነው። እናት ልመናና ምክር ስላልሰማች አይደለም፤ የቤት ኪራይ መክፈል ስላለባት ነው።

የምትችል እናት የጡቷን ወተት አልባ አስቀምጣ ብትሄድ የተሻለ ነው። የታለበ የእናት ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ቤት ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲፈለግ ዕቃው በሞቀ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይላል እንጂ እሳት ላይ አይጣድም። ማለቢያውም ሆነ ማስቀመጫው ከዚህ በታች እንደምገልጸው ይታጠባል፣ ይቀቀላል።

ዱቄቱ ውስጥ ያለው

የጣሳ ወተት ታሽጎ ስለሚመጣ ንጹሕ ይመስለናል። ለምግብነት የተፈቀደ ነው፤ ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዳ ግን አይደለም። ፋብሪካዎች ፈሳሽ ወተትን ማምከን ይችላሉ፤ ዱቄትን ግን አንድም ጀርም እንዳይቀርበት አድርገው ማምረት አልቻሉም። በጥቂቱም ቢሆን ሊገኙበት ከሚችሉት መካከል ሁለቱ በጣም ያሳስባሉ፤ አንዱ ሳልሞኔላ፣ ሌላው ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ነው። ክሮኖባክተር በደረቅ ዱቄት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። የያዘው ጨቅላ ግን የአንጎል ሽፋን ብግነት ወይም የደም መመረዝ ሊደርስበት ይችላል፤ ከሚያዙት ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ የተረፉትም ከባድ ጉዳት ሊቀርባቸው ይችላል። ይበልጥ የሚጎዱት ሁለት ወር ያልሞላቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ሲወለዱ ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሕፃናት ናቸው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሕፃናት ከታመሙ በኋላ አንድ ትልቅ የወተት ፋብሪካ ሲፈተሽ ይህ ባክቴሪያ በግቢው ተገኘ። ምርቱ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ፋብሪካው ቆመ፤ በዚያ ሀብታም አገር እናቶች የልጅ ወተት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ተንከራተቱ። ጥንቃቄው የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው ይህን ያነሣሁት።

እንግዲህ ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃ ስንበጠብጠው የምናደርገውን አስቡት። በደረቁ ተኝቶ የነበረው ባክቴሪያ ርጥበት፣ ምግብና የሚመቸው ሙቀት በአንድ ጊዜ ይቀርብለታል። ውሃው ቀድሞ መፍላቱ ውሃው ውስጥ የነበረውን ገድሏል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ግን አልነካውም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መመሪያ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ሙቀት ከ70 ዲግሪ እንዳያንስ መከሩ። ውሃው ዱቄቱ ውስጥ ያለውንም ባክቴሪያ እንዲገድል ነው የሚፈለገው። ወተቱ የሚቀዘቅዘው ከተበጠበጠ በኋላ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ሙቅ ውሃ፣ ዱቄት፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ።

አንዳንድ ጣሳ ላይ «በለብ ያለ ውሃ በጥብጡ» የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሙቀት ጥቂት ቫይታሚኖችን ሊቀንስ፣ አንዳንድ ጣሳ ውስጥ የሚጨመሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ሊገድል ይችላል፤ እውነት ነው። ሁለቱ ሲመዘኑ ግን በተለይ ለትንንሾቹ ሕፃናት እኔ 70 ዲግሪውን እመርጣለሁ። ሐኪም በተለየ ምክንያት ያዘዘው ልዩ ወተት ከሆነ የሐኪሙ ቃል ይከበር።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የሚያመጣው ነገር አለ። በመመሪያው መሠረት የፈላ ውሃ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ነው ዱቄቱ የሚጨመርበት። ያ ስሌት ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቦታ ነው። በደጋ አገር ባቄላ ለመብሰል የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያውቅ ሁሉ ምክንያቱን አይስተውም፤ ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ ሱሉልታና ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከዚያም ይወርዳል። ከ92 ተነሥቶ ወደ 70 ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ላይፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ ትንሽ ውሃ በቀዝቃዛ ጡጦ ውስጥ ሲፈስ ወዲያው ብዙ ሙቀት ያጣል። ስለዚህ እኛ ጋ ሠላሳ ደቂቃ አይጠበቅም፤ ውሃው ከፈላ በኋላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቢበጠበጥ ነው የምመክረው። ለውሃው መፍላትም ይኸው ከፍታ ይታሰባል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ የሚጠጣ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። የታሸገ ውሃም ቢሆን መፍላት አለበት። የአምቦ ውሃ ለሕፃን ወተት አይሆንም።

ጡጦ አስተጣጠብ

መቀቀል ማጠብን አይተካም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የወተት ስብ በላስቲኩና በቀለበቱ ጥርሶች ላይ ሲደርቅ ለባክቴሪያ እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ቢቀቅሉትም ሙቀቱ እንደሚገባ አይደርሰውም። ጎረቤቴ ጡጦውን ሳይፈታ ሳሙና ጨምራ ነበር የምትንጠው። ከውጭ ያበራ የነበረውም ለዚህ ነው።

ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ጡጦው ወዲያው ይፈታል፤ አካሉ፣ ላስቲኩ፣ ቀለበቱ፣ ክዳኑ ለየብቻ። አሁኑኑ ለማጠብ ጊዜ ከሌለ ቢያንስ በውሃ ይለቅለቅ፤ የደረቀ ወተት ለማስለቀቅ የሚፈጀው ውሃና ጊዜ እጥፍ ነው። ለጡጦ ብቻ የተለየ ሳፋና መቦረሻ ይኑር። የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሥጋም ሽንኩርትም ስለሚታጠብበት ጡጦ እዚያ አይነከር። በሙቅ ውሃና በሳሙና ውስጡ ይቦረሻል። ላስቲኩ ይገለበጣል፣ ቀዳዳው ውሃ ተጨምቆ ይፈተሻል። የቀለበቱ ጥርስ በቀጭኑ መቦረሻ ዙሪያውን ይኬድበታል። ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የተሰነጠቀ ወይም የሚያጣብቅ ላስቲክ፣ ውስጡ የተጫጫረ ጡጦ ይጣላል፤ ጭረቱ ውስጥ የሚደበቀውን መቦረሻ አያገኘውም።

ለመቀቀያ ክዳን ያለው፣ ወጥ የማይሠራበት ድስት ይለይ። ዕቃው ሁሉ በውሃው ውስጥ ይጥለቅ፤ ጡጦው ውስጥ አየር ከቀረ አየሩ ያለበት ቦታ ስለማይቀቀል እያጋደሉ ማስወጣት ነው። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከተጣደበት ሰዓት አይደለም። ላስቲኩ የድስቱን ቂጥ ነክቶ እንዳይቃጠል ከአጠገቡ አይጥፉ። ጊዜው ሲሞላ እሳቱ ይጠፋል፣ ድስቱ እንደተከደነ ይቀመጣል። የእኛ ሰፈር በበጋ አቧራው፣ በክረምት ዝንቡ የሚያስመርር ስለሆነ ከተከደነ ድስት የተሻለ መደርደሪያ አላውቅም። በሚፈለግበት ጊዜ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ አብሮ በተቀቀለ መቆንጠጫ ይወጣል። በፎጣ አይወለወልም፤ ፎጣው የእጃችንን ሁሉ ነገር ይዟል። ሳይጠቀሙበት አንድ ቀን ያለፈው ጡጦ እንደገና ይቀቀላል።

ውሃ በፈረቃ በሚገኝበት ቤት ይህ ሁሉ ሊከብድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔም የምኖረው እዚያው ነው። ሦስት ጡጦ ያላት እናት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ያላት አንድ ጊዜ ብትቀቅል ይበቃታል። የተቀቀለበት ውሃ ቀዝቅዞ ወለል ይታጠብበታል እንጂ አይደፋም። መብራት ሲጠፋ ከሰል ላይ ይቀቀላል። ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ ይሁን፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሕፃኑንም እናቱንም ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል። በበረኪና መዘፍዘፍስ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና ጥንካሬው የተለያየ ስለሆነ መጠኑን በግምት አላዝም፣ መቀቀል ይሻላል።

ልኬቱ

ውሃው በሙቀቱ እንዳለ በቅድሚያ ጡጦው ውስጥ በሚፈለገው መስመር ልክ ይፈስሳል፤ ዱቄቱ ቀጥሎ ይጨመራል። ዱቄቱ ከቀደመ ውሃው መስመሩ ላይ ቶሎ ስለሚደርስ ወተቱ ይወፍራል። መስፈሪያ ማንኪያው የዚያው ጣሳ መሆን አለበት። በብዙ ጣሳ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፤ ሁሉም ግን እንዲያ ስላልሆነ የያዛችሁት ጣሳ ላይ የተጻፈው ይነበብ። ማንኪያው አይጠቀጠቅም፣ አይቆለልም፤ በንጹሕ ቢላዋ ጀርባ ይላጫል። ልጅ ታቅፎ የፈላ ውሃ አይቀዳም።

አሁን ስለ ጣሳው ዋጋ እንነጋገር፤ በጤና ጣቢያ ማንም ደፍሮ የማያነሣው ነገር ይህ ነውና። አምስት ኪሎ የሚመዝን፣ ጡት ጨርሶ የማያገኝ ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ያስፈልገዋል። ይህን ለማዘጋጀት ወደ 100 ግራም ዱቄት ይሄዳል። ስለዚህ ባለ 400 ግራም ጣሳ የሚበቃው ለአራት ቀን ገደማ ነው። ከዚህ በፊት አንዲት እናት «ጣሳውን አሥር ቀን አደርሰዋለሁ» ስትለኝ ቆጣቢነቷን አደነቅሁ፤ ልጁን ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ነው የገባኝ። ልጁ የሚጠጣው ወተት የሚመስል ውሃ ነበር። ሆዱ ይሞላል፣ ሰውነቱ ይራባል። የቀጠነ ወተት ሕፃንን ያቀጭጫል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አውርዶም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። «እንዲወፍር» ተብሎ ዱቄት የተጨመረበት ወተት ደግሞ ሆዱን ያደርቀዋል፣ ኩላሊቱን ያስጨንቀዋል፣ የሰውነቱን ውሃ ያጎድለዋል። ስለዚህ ጣሳው ላይ የተጻፈው ልክ ላይ መደራደር የለም። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ የሚቀነሰው ዱቄቱ አይደለም፤ ጡት የሚጠባበት ጊዜ ነው የሚጨመረው። ጎረቤቴ ማታ ከ1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ጡት እንድታጠባ፣ ቅዳሜና እሑድ ጡጦ እንዳታነሣ ተስማማን። ጡት በተጠባ ቁጥር ወተቱ ይመጣል፤ ጣሳውም ይበረክታል።

ስኳር፣ አብሽ፣ አጥሚት ጡጦ ውስጥ አይገባም። የላም ወተትም ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አይሆንም። ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ ትኩስ የመጣ ቢሆንም ፕሮቲኑና ጨውነቱ ለጨቅላ ኩላሊት ይበዛል፣ የብረት ማዕድኑም ያንሳል፤ ጥሬ ከሆነ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል።

ዱቄቱ ሲጨመር ጡጦው ተከድኖ በቀስታ ይነቀነቃል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው ከቀለበቱ በታች ይሁን፣ ወደ ክዳኑ እንዳይደርስ። ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። በእጃችን አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብታ አድርገን ስንሞክረው ለብ ያለ፣ የማያቃጥል ሲሆን ይሰጣል። ማይክሮዌቭ ወተቱን እኩል ስለማያሞቀው ጡጦው ቀዝቃዛ ሆኖ መካከሉ የልጅ ምላስ ሊልጥ ይችላል።

የሰዓት ነገር

የጎረቤቴ እናት ልጅ ሊያዩ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። የተረፈውን ወተት ልደፋው ጡጦውን ሳነሣ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ገንዘብ ነው። እኛ የእግዜርን ወተት አንደፋም» አሉኝ። አልተቆጣሁም፤ የተናገሩት ከችግር ያደገ ሰው ቃል ነው። «እማማ፣ እርስዎ ሊጥ ሲያቦኩ እርሾ የሚጨምሩት ትንሽ አይደለም? ሲያድርስ?» አልኳቸው። «ሙሉ ቡኾ ያነሣዋል» አሉ። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይራባል። ጡጦ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ የሚመቸው ሙቀት ካገኘ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። አንድ የነበረው በአንድ ሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64፣ በአራት ሰዓት 4,096 ነው። ጠዋት የተበጠበጠ ወተት እኩለ ቀን ላይ ቢያዩት መልኩም ሽታውም አልተለወጠ ይሆናል፤ ልጁ ግን የሚጠጣው ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ተበጥብጦ ሁለት ሰዓት ያለፈው ወተት ይደፋል። ልጁ አፉን ካደረገበት ምራቁ ስለሚገባበት ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ያጥራል። መድፋቱ የሚያሳዝናት እናት ትንሽ ትንሽ ትበጥብጥ። 120 ሠርታ 60 ከምትደፋ፣ 60 ሰጥታ ልጁ ከጠየቀ ሌላ 30 ትጨምር። እማማም የተስማሙት በዚህ ነው።

ለሞግዚቷና ለሌሊት ደግሞ ጥሩ ፔርሙዝ ያስፈልጋል። ውሃው እንደፈላ፣ በፈላ ውሃ ቀድሞ በተለቀለቀ ፔርሙዝ ሙሉ ተደርጎ ይከደናል። ዱቄቱ ለእያንዳንዱ ጡጦ በልኩ ተሰፍሮ በተቀቀለና በደረቀ ክዳናማ ዕቃ ይቀመጣል። ልጁ ሲርበው ሁለቱ ይገናኛሉ። መንገድ ለሚሄድም እንዲሁ ነው፤ የተበጠበጠ ወተት ተይዞ ታክሲ አይገባም። ሁሉም ፔርሙዝ ግን እኩል አይደለም፤ ስንት ሰዓት ድረስ ከ70 ዲግሪ በላይ እንደሚይዝ በምግብ ቴርሞሜትር አንድ ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። በጣት ወይም በእንፋሎቱ አይታወቅም፤ 55 ዲግሪ ውሃም እጅ ያቃጥላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ውሃው በየጊዜው እንደ አዲስ ይፍላ። ፍሪጅ ያለው ሰው በሙቅ ውሃ በጥብጦ፣ ወዲያው አቀዝቅዞ፣ ከበሩ ራቅ ባለው ውስጠኛ ቦታ እስከ 24 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ፍሪጁ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን ስላለበት መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ይህን መንገድ ባይሞክሩት ይሻላል።

ሲኒው

የጡጦን ነገር ይህን ያህል የጻፍኩት ብዙ ቤት ውስጥ ስላለ ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን ግን ጡጦውን አስቀርቼ ሲኒ እሰጣለሁ። ክፍት፣ ለስላሳ፣ ጥርስና ላስቲክ የሌለው ትንሽ ስኒ ወይም ኩባያ ለማጽዳት ከጡጦ ጋር አይወዳደርም፤ የሚደበቅ ቆሻሻ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት መጥባት ላልቻለ ሕፃን ከጡጦ ይልቅ በኩባያ መመገብን ይደግፋል። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ መጥባት የማይችሉ ጨቅላዎች እንኳ በኩባያ የሚመገቡበት ጊዜ አለ። እነሱ የቻሉትን የአራት ወር ልጅ አያቅተውም።

ወተቱ በተቀቀለ መለኪያ ውስጥ ከላይ ባልኩት መንገድ ይዘጋጅና ወደ ሲኒው ይገለበጣል። ልጁ ነቅቶ፣ ጭን ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጀርባውና አንገቱ በእጅ ይደገፋል። የሲኒው ከንፈር የልጁን የታች ከንፈር ይነካል፣ ወተቱ የላይኛው ከንፈሩ ጋ እስኪደርስ ብቻ ሲኒው ያጋድላል። ከዚያ መቆም ነው። አፉ ውስጥ አይፈስስም፤ ሊያንቀው ይችላል። ልጁ ራሱ በምላሱ ይስበዋል፣ ይውጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ግማሹ አንገቱ ላይ ይፈስሳል፤ አንገቱ ሥር ንጹሕ ጨርቅ ይደረግ።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ወደ ጎረቤቴ ቤት ጎራ አልኩ። እማማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለሶፋው ሰጥተው፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። በቀኝ እጃቸው ሲኒ ይዘዋል። ልጁ ምላሱን አውጥቶ የሲኒውን ከንፈር ይልሳል፤ አገጩ ነጭ ሆኗል። «አየሽው? እንደ ድመት ግልገል!» አሉኝና ሲኒውን ቀና አድርገው እስኪውጥ ጠበቁት። ከኋላቸው ስቶቩ ላይ ድስቱ እየተንተከተከ ነበር። «ስንት ደቂቃ ሆነው?» ብላ ሞግዚቷ ስትጠይቅ እማማ ዓይናቸውን ከልጁ ሳያነሡ «ገና ስድስት ነው፤ አራት ይቀረዋል» አሏት።